ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። የልጄን ፀጉር እየጎነጎንኩ ስለነበር ማበጠሪያውን በጥርሴ ይዤ አነሳሁት። የደወሉት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው።

«እህቴ፣ ዛሬ መምጣት ትችያለሽ? የላይብረሪ ሠራተኛችን ወልዳለች። በሩ ከተዘጋ 3ኛ ሳምንቱን ያዘ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ደጁ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና «እሱን ነው እንግዲህ የምናጣራው» አሉኝ።

በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ስንት መጽሐፍ አላችሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሐረር ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ ያስቸግረኛል። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ዲፕሎማ አለኝ። በአንድ ኮሌጅ ለዓመታት ሠርቼ ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ ለቀቅሁ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሲጠሩኝ ነው፤ አንዷ ስትወልድ፣ አንዱ ሲታመም፣ ሌላው ለክረምት ትምህርት ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር። አንዳንዴ ለ3 ቀን፣ አንዳንዴ ለአንድ ሴሚስተር። ካናዳን በመሰሉ አገሮች ይህ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው፤ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች በጥሪ የሚሠሩ የላይብረሪ ቴክኒሽያኖችን ስም ዝርዝር ይይዛሉ፣ መደበኛዋ ሠራተኛ በቀረች ጠዋት ከዝርዝሩ ወደ አንዷ ይደውላሉ። እኛ ጋ ዝርዝሩ የርዕሰ መምህሩ ስልክ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከሌለ የስፖርት መምህሩ በትርፍ ክፍለ ጊዜው ከፍቶ ይቀመጣል፤ እሱም ካልተመቸው በሩ ተዘግቶ ይከርማል።

ባለቤቴ «ከሚከፍሉሽ ለባጃጅ የምታወጪው ይበልጣል» እያለ ይቀልድብኛል። ሙሉ በሙሉ ቀልድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አይደለም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን፣ ወመዘክር የምንለው፣ ከተቋቋመ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ለመላው አፍሪካ የታሰበ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ተከፍቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወርድ፣ ሙያው ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ይሆናል።

በስሜ ያለ መጽሐፍ

ያን ሰኞ ቁልፉ የተገኘው አራሷ ትራስ ሥር ነው። እውነቴን ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰው ቢልኩ አልሰጥም ስላለች ራሴ ሄድኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ገባሁ፤ ገንፎው ቀረበልኝ፤ ሕፃኑን አቀፍኩ። ከዚያ ስለ ቁልፉ አነሳሁ።

«እትዬ፣ እንዴት ልስጥ?» አለችኝ። «መጽሐፉ እኮ በስሜ ነው ያለው። አንድ ቢጠፋ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው። አንቺ ነገ ትሄጃለሽ።»

ተሳስታለች ማለት አልቻልኩም። በትምህርት ቤቶቻችን መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጥቁር ሰሌዳ ንብረት ነው። የተረከበው ሰው ፈርሞ ይረከባል፤ ሲለቅ ቆጥሮ ያስረክባል፤ የጎደለ ካለ ይጠየቅበታል። ሕጉ ለሌላው ዕቃ ያስኬዳል። ወንበር ተማሪ ቢቀመጥበትም ባይቀመጥበትም ከክፍሉ አይወጣም። መጽሐፍ ግን ሥራው መውጣትና መመለስ ነው፤ በወጣ ቁጥር ደግሞ የፈረመችው ሴት ልብ አብሮ ይወጣል። ልጆቹ ብዙ ስላነበቡ የተመሰገነች የላይብረሪ ሠራተኛ እስካሁን አላጋጠመችኝም። መጽሐፍ ስለጠፋባት የተጠየቀች ግን ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ መጽሐፎቹ ከመስኮቱ ጀርባ ይቀራሉ፤ ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ ርዕሱን ይናገራል፤ መጽሐፉ ከተገኘ እዚያው ቁጭ ብሎ ያነባል። ወደ ቤት መውሰድ የሚባል ነገር በአብዛኞቹ የሠራሁባቸው ቤቶች የለም።

የወሊድ ፈቃድ በሕግ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከመውለድ በፊት፣ 90ው ከወለዱ በኋላ። እሷ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሠርታ ስለነበር ገና ከ2 ወር በላይ ቀርቷታል። በሩ እስከ ጥር መጨረሻ ሊዘጋ ነው ማለት ነው፤ የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና እስኪያልፍ።

መፍትሔው ያው አሰልቺው ነበር፦ ቆጠራ። ከንብረት ክፍል አንድ ሰው፣ ከመምህራን አንድ፣ እኔ ሦስተኛ። 2 ቀን ሙሉ አቧራ ስንቅም ዋልን። 1,800 ያህል መጽሐፍ ቆጥረን 41 ጎደለ። ያን ማታ አራሷ እንዳትሰማ ተስማማን። በማግስቱ አንድ አስተዋይ መምህር «እስኪ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ያሉትን ቁምሳጥኖች ተመልከቱ» አለን፤ ከ41ዱ 33ቱ እዚያ ተገኙ። አንዳንዶቹ ከተወሰዱ 4 ዓመት አልፏቸዋል። መምህር ስለሆኑ ማንም ፈርሙ ብሏቸው አያውቅም። የቀሩት 8ቱ በቃለ ጉባኤ ሰፈሩ፤ እኔም ለተቀረው ፈርሜ ቁልፉን ተረከብኩ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ

በጥሪ የሚሠራ ሰው ሌላ ሰው ያደራጀው ቤት ውስጥ ነው የሚገባው። የሰው ወጥ ቤት ገብቶ ጨው እንደ መፈለግ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው ባለቤቷ ብቻ ናት።

አንድ ተማሪ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለኝ። የካርድ ሳጥኑን ከፈትኩ። ደራሲው በ«ሀ» ይሆናል ብዬ «ሀዲስ»ን ፈለግሁ፤ የለም። መጽሐፉ ላይ ግን ስማቸው በ«ሐ» ተጽፎ ነበርና ካርዱ ከ«ለ» በኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። «ኃይሉ» የሚባል ደራሲ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ምርጫ 3 ቦታ ሊውል ይችላል፤ «ኀ»ን ከመረጠ ከ«ቸ» በኋላ ከ«ነ» በፊት ነው። «አ» እና «ዐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»ም እንዲሁ ናቸው። የውጭ አገር ሶፍትዌር ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስድና ሐዲስን «ዓለማየሁ» ሥር ይከተዋል። የዓለም አቀፉ የካታሎግ ሕግ ራሱ የኢትዮጵያውያንን ስም በራሳቸው ስም አስገቡ ነው የሚለው፤ ሕጉን ያነበበ ሰው ጥቂት ሆነ እንጂ። እኔ በየሄድኩበት የማደርገው ቀላል ነው፤ ሦስቱን «ሀ» አንድ ላይ፣ ሁለቱን «ሰ» አንድ ላይ አደርጋለሁ። የቋንቋ መምህራን ይቆጡኛል። ተማሪው ግን መጽሐፉን ያገኛል።

በሐረር የሚያስቀኝ ሌላው ነገር የዲዊ ቁጥር ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው አመዳደብ የዓለም ዕውቀት ከ000 እስከ 999 ተከፋፍሎለታል። ከ200 እስከ 299 ያለው የሃይማኖት ነው። ክርስትና ከ220 እስከ 289 ተንጣሎ ተቀምጧል፤ እስልምና የደረሰው አንድ ቁጥር ነው፣ 297። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2006 ስትመዘገብ 82 መስጊድ በተቆጠረላት ከተማ፣ 297 ላይ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተደራርቦ ጎኑ ያለው 240 ባዶውን ይቀመጣል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መደርደሪያውን ራሴ ለዋወጥኩት። ዲዊ ሞቷል፤ ማንም አልከሰሰኝም።

ስልክና ወረቀት

ለወላጆች የምነግራችሁ ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የመማሪያ መጽሐፍ ኅትመት እንደዘገየ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጆቻችን መጽሐፉን በፒዲኤፍ በስልክ አገኙት፤ ወይ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈን አስባዛንላቸው። ስልክ ያለው አነበበ። ስልክ የሌለው፣ ወይም አንዱን ስልክ ለ3 ወንድማማች የሚካፈል፣ ላይብረሪው በር ላይ ቆመ። በሩ ሲዘጋ ጥቂት ብቻ የሚጎዳው የሚመስለን ለዚህ ነው፤ የተጎዱት ልጆች ወላጆች ስብሰባ ላይ የመናገር ልማድ የላቸውም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ የደነገጥነው ስለ መምህሩና ስለ ፈተናው ነበር። የቤተ መጻሕፍት በር ቢከፈት ቁጥሩ ይለወጥ ነበር አልልም፤ ማንም ያን ማለት አይችልም። ግን ውጤቱ በተሰማ በሁለተኛው ወር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተቆለፈ በር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ማየት ያሳፍራል።

ልጆቻችሁ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ስትሄዱ ስንት መጽሐፍ አለ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቁጥሩን በኩራት ይነግሯችኋል። ትናንት በስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ቅዳሜስ፣ ሠራተኛዋ ስትቀር ማን ይከፍታል ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. አብርሆትን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት አገኘች፤ ደስ ይላል። ሐረር ላይ የምፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

መጽሐፍ ወደ ሰው እንዲሄድ ያደረጉ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት ሄደው ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ ለአገራቸው ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው አጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቆይተውም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ ሰደዱ። አህያዋ ርክክብ ፈርማ ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

መርፌና ክር

በሁለተኛው ሳምንት ጀርባቸው የተገነጠለ 60 ያህል መጽሐፎች ለይቼ አወጣሁ። የ10 ዓመት ልጅ እንደተጫወተባቸው ሆነው ነበር። ኮላ የሚባለው ነገር ለወር አይቆይም። ስለዚህ ጥቂት ተማሪዎች አስከትዬ መኪና ግርግር ወረድኩ። ሐረርን ለማያውቅ ሰው፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል እምብርት የሚወርደው ቀጭን መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ የልብስ ሰፊዎች መኪና ሲንጫጫ ስለሚውል ነው ስሙ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወፍራም መርፌ ለውጠው ቀጫጭኖቹን መጽሐፎች በጠርዛቸው እየሰፉ ሰጡን። ወፍራሞቹን እምቢ አሉ። «ይሄ የእጅ ሥራ ነው» አሉን። «ይሄ የኪታብ ሥራ ነው።»

ወፍራሞቹን ትምህርት ቤት መልሰን በመርፌና በክር፣ ከዱቄት በተሠራ ሙጫ ራሳችን ያዝናቸው። ግን የሰውየው ቃል አልለቀቀኝምና በዚያው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ በደጃዝማች ተፈሪ የቀድሞ ቤት ወዳለው ሙዚየም ሄድን። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሐረርን ቅርስ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ቤታቸው ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት፣ በ2007 ወደዚህ ቤት የተዛወረው የግል ሙዚየም ነው። ከሺህ በላይ የብራናና የወረቀት ጽሑፎች አሉበት። ሐረር ለዘመናት መጽሐፍ ጻፊና ጠራዥ የነበረባት ከተማ ናት፤ ቆዳው እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ጌጡ እንዴት እንደሚታተምበት፣ ሽፋኑ እንደ ኤንቬሎፕ ተጠቅልሎ ገጹን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያውቁ ባለ እጆች ነበሯት። ሙያው ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ካነሱት ሰዎች ዋናው ባለ ሙዚየሙ ራሳቸው ናቸው።

ከልጆቹ አንዷ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን አስጠግታ ብዙ ቆየች። ስንወጣ «ቲቸር፣ የፊዚክሱን አጋዥ መጽሐፍ ለቅዳሜና እሑድ ልውሰደው?» አለችኝ። እኛ ነን የሰፋነው በሚል ዓይን ነው ያየችኝ። ቤቷ ቡዳ በር አካባቢ ነው፤ በአንድ ግቢ አክስት አጎቱ፣ የአክስት ልጆች ሁሉ አብረው ይኖራሉ፤ ለማጥናት የሚመቻት ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ነው። ያ መጽሐፍ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አንድ ፍሬ ነው፣ በኔ ፊርማ ያለ።

ሰጠኋት።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም። ረቡዕ ዕለት እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ አልደብቃችሁም። የመጽሐፉን ዋጋ ገበያ ላይ ጠየቅሁ፤ የግማሽ ወር ክፍያዬ ነው። አራሷ ትራስ ሥር ቁልፍ አድርጋ ስትተኛ ስስቅባት የነበርኩት ሴትዮ፣ አሁን ገባኝ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከተማው ለበርጫ ጸጥ ሲል፣ ጀጎል ገባሁ። ጀጎል ውስጥ አድራሻ የሚነግርህ ቁጥር ሳይሆን ሰው ነው፤ ሦስት ልጆች እየተቀባበሉ ከአንዱ ጠባብ መንገድ ወደ ሌላው አሻገሩኝ።

የከፈቱልኝ አያቷ ናቸው። ልጅቷ ድሬዳዋ ያለች አክስቷ ታማባት ቅዳሜውኑ ማታ ሄዳለች። ስለ መጽሐፉ ስጠይቃቸው ጠበቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ለመጽሐፍ ነው የመጣሽው?»

«አዎ እናቴ፣ የመንግሥት ነው።»

ገብተው ከነደባው በላይ ግድግዳው ውስጥ ካለው መስኮተ ዝግ እጃቸውን ሰደዱ። ቁርአኑ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከጎኑ በንጹሕ ነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውርደው ሰጡኝ። ፊዚክሱ ነበር።

«አደራ ነው ብላኛለች» አሉ። «መጽሐፍ ደግሞ መሬት አይቀመጥም።»

ሻሹን ልመልስላቸው ብል እምቢ አሉ። መጽሐፉን አልወሰድኩትም፤ ልጅቷ ስትመጣ አንብባ ትመልሰው ብዬ እዚያው ተውኩት። ሰኞ ጠዋት ሻሹን ሳትፈታ ይዛ መጣች።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁና መስመር አሰመርኩበት፦ የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ መጽሐፉ፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት። ዓርብ ከሰዓት የሚወሰድ፣ ሰኞ ጠዋት የሚመለስ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «በራስሽ ኃላፊነት ነው» አሉኝ፤ እኔም ፈረምኩ። እስከ ጥር መጨረሻ 112 ጊዜ መጽሐፍ ወጣ።

አራሷ ሕፃኑን ለእናቷ ትታ የተመለሰች ቀን ርክክብ አደረግን። እንደገና ቆጠራ፣ እንደገና አቧራ። የተሰፉትን አገላብጣ አየቻቸው፤ ወደደቻቸው። «ሀ» ሁሉ አንድ ላይ መሆኑንም ምንም አላለች። በመጨረሻ ደብተሩን ሰጠኋት። ገጽ በገጽ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ያልተመለሱት ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«ሦስት። የሦስቱንም ዋጋ ከፍዬ ደረሰኙ ውስጡ አለ።»

ደረሰኙን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ከታ ቆለፈችና ቁልፉን ከሌሎቹ ጋር አንጠለጠለችው።